የሰርቪስ ዓመትና የሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ

ለሰርቪስ የወጣን ሰዎች በተገናኘን ቁጥር ወሬው ወደ ጉዞው ያደላል። የአውቶቡሱ አቧራ፣ የተከራየናት ክፍል ቁንጫ፣ የወር አበል መዘግየት፣ ከአውራጃው ሹም ጋር የተደረገው እሰጥ አገባ፤ እነዚህ ይወራሉ፣ ይሳቅባቸዋል። ታሪክ ጸሐፊዎችም ሰርቪስን የሚያነሡት በተማሪው ንቅናቄ በኩል ነው። የከተማ ልጅ ገጠሩን በዓይኑ ያየው ያኔ ነው ይላሉ። እውነት ነው። ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ ምን ስንሠራ ነበር? አብዛኞቻችን አስተማሪዎች ነበርን። ሕግ ያጠናውም፣ ኬሚስትሪ ያጠናውም፣ ታሪክ ያጠናውም ጠመኔውን ይዞ ገባ፤ ስንቶቻችን ደግሞ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተማርን። በእኔ እምነት ዩኒቨርሲቲያችን በዚያ ዘመን ለአገሪቱ ከሰጠው አገልግሎት አንዱ ትልቁ እዚያ ክፍል ውስጥ የተሠራው ነው፤ ያውም በየሳምንቱ በሚሰጠውና በሚታረመው የቤት ሥራ ላይ። የዚህ የመታሰቢያ መጽሔት አንባቢ ግማሹ ያስተማረ፣ ግማሹ በዚያ ክፍል የተማረ ነውና ነገሩን ከሥሩ ማንሣቱ አይከፋም።

እንግሊዝኛ በአገራችን ትምህርት ቤቶች ሁልጊዜ ባለ ወንበር አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ሲከፈት አስተማሪዎቹ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። እንግሊዝኛ ከፈረንሳይኛ፣ ከጣሊያንኛና ከዓረብኛ ጋር ይሰጥ ነበር እንጂ ብቻውን አልነገሠም። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኰንንም ፈረንሳይኛው የበረታ ትምህርት ቤት ነበር። ከጣሊያን ወረራ በፊት «የተማረ ሰው» ሲባል ፈረንሳይኛ የሚናገር ማለት ነበር ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። በ1933 ጣሊያን ተባርሮ እንግሊዞች ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ሲገቡ ሚዛኑ ተገለበጠ። በ1935 ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ጄኔራል ዊንጌት ተከተለ፤ እንግሊዝኛም የትምህርት ዓይነት መሆኑ ቀርቶ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። ታች ክፍሎችም አላመለጡም። ልጁ አማርኛ ማንበብ እንደ ለመደ፣ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ክፍል ሲደርስ፣ ሒሳቡንም ሳይንሱንም በእንግሊዝኛ ይቀጥል ነበር።

በ1956 ዓ.ም. ይህ ተለወጠ። አማርኛ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ፤ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተብሎ ለብቻው ቆመ፤ እንግሊዝኛም እዚያ በር ላይ መጠበቅ ጀመረ። አማርኛ የአፍ መፍቻው ለሆነ ልጅ ውሳኔው ትልቅ እፎይታ ነበር። አማርኛን ራሱን ትምህርት ቤት ገብቶ ለተማረው ለሲዳማው፣ ለኦሮሞው፣ ለወላይታው ልጅ ግን እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋ ነው፤ አንዱን ወንዝ ሳይሻገር ሌላው ይጠብቀዋል። ለሁሉም ቢሆን ግድግዳው አልፈረሰም። ከሦስተኛ ክፍል ተነሥቶ ሰባተኛ ክፍል በር ላይ ቆመ እንጂ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልጁ ምን እንደ ገጠመው እናስብ። ሰኔ ላይ ስድስተኛ ክፍልን በአማርኛ ጨርሷል። እንግሊዝኛን የሚያውቀው እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ነው፤ «ዚስ ኢዝ አ ፔን» ይላል፣ ቀለማትን ይቆጥራል፣ የሰውነት ክፍሎችን ያውቃል። መስከረም ላይ ሰባተኛ ክፍል ሲገባ ጂኦግራፊው «ላቲቲዩድ» ይለዋል፣ ሳይንሱ «ፎቶሲንተሲስ» ይለዋል፣ የሒሳቡ መጽሐፍ ሙሉ ገጽ አረፍተ ነገር ጽፎ መጨረሻው ላይ አንድ የጥያቄ ምልክት ያስቀምጥለታል። ማካፈል የማይችል ልጅ አልነበረም። ማካፈል እንዳለበት የሚነግረውን አረፍተ ነገር ማንበብ ያልቻለ ልጅ ነበር።

የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ደግሞ በራሱ ጊዜ ይሄዳል። የዚያን ዘመን የቋንቋ መጻሕፍት የሚዘጋጁት ቃል እየመጠኑ ነው። ከዘዴው መሪዎች አንዱ ማይክል ዌስት በ1953 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የታወቀ ዝርዝር ወደ 2,000 የሚጠጉ ቃላት የያዘ ሲሆን፣ ሐሳቡ ተማሪው ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙትን ቃላት ቀድሞ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ እየደጋገመ እንዲማር ነው። በጎ ሐሳብ ነው፤ ቋንቋ ለቋንቋነቱ ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ችግሩ የሳይንሱ መጽሐፍ ዝርዝሩን አልጠበቀም። የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በማንኪያ ሲሰጥ ሳይንሱ በባልዲ ያፈስሳል። በአንድ ቀን፣ በአንድ ደብተር ላይ፣ ለአንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ።

ስለዚህ የሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተማሪ የአንድ ትምህርት አስተማሪ አልነበረም። ሌሎቹ ትምህርቶች ሁሉ በእሱ ጫንቃ ላይ ነበሩ። የሒሳብ አስተማሪው በሻይ ሰዓት «እነዚህ ልጆች ኢፍ እና ኧንለስ የሚባለውን አይለዩም፣ አንድ በልልኝ» ይለዋል። የጂኦግራፊው ይመጣል። ማን ነበር ታዲያ ይህን ሸክም የሚሸከመው?

በሠለጠነ ኢትዮጵያዊ መምህር ብቻ የሚሸፈን አልነበረም። ከሕንድ፣ በተለይ ከኬረላ፣ ብዙ አስተማሪዎች መጥተው በየክፍለ ሀገሩ ለዓመታት አስተምረዋል፤ እስከ ዛሬ በአንዳንዶቻችን እንግሊዝኛ ውስጥ የእነርሱ ዜማ አለ፣ ጠጋ ብሎ ላዳመጠ። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ደግሞ የአሜሪካ ሰላም ጓድ የመጀመሪያ ቡድን፣ ከ270 በላይ ወጣቶች በአንድ ጊዜ፣ ሃሪስ ዎፎርድ እየመራቸው ገቡና ወደየአውራጃው ተበተኑ። ወሊሶ የደረሰው ፖል ሶንጋስ በኋላ የአሜሪካ ሴናተር እስከ መሆን ደርሷል። ሰላም ጓዶቹ ብዙ ጠቅመዋል፣ በኋላ ከተማሪው ጋር በፖለቲካ ተቃቅረው ብዙዎቹ ሄዱ፤ ያ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

ከዚያ እኛ መጣን። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመር ደንቡ አጭር ነበር፤ ዲግሪ የሚፈልግ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ የትምህርት ዓመት በክፍለ ሀገር ማገልገል አለበት። የማስተማር ሥልጠና የነበራቸው የትምህርት ፋኩልቲ ልጆች ነበሩ። የተቀረነው እድሜያችን ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት፣ ከምናስተምረው ስምንተኛ ክፍል ተማሪ የአንዳንዱ ታናሽ ነበርን። ትምህርት ዘግይቶ የጀመረ፣ ጢም ያወጣ፣ ልጅ የወለደ ተማሪ መኖሩ ያኔ ብርቅ አልነበረም። «ቲቸር» ሲለን አንገታችንን ሰበር እናደርጋለን፤ ምን ይደረጋል።

ሳምንቱ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ቢለያይም አካሄዱ ይመሳሰል ነበር። በመጀመሪያ ቀን ምንባብ። አስተማሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብባል፣ ክፍሉ በአንድ አፍ ይከተለዋል። አዲስ ቃላት በሰሌዳው ግራ ጠርዝ ይጻፋሉ፤ እስከ ሳምንቱ ማብቂያ እንዳይጠፉ አለቃው ይጠብቃቸዋል። መጽሐፍ ለሦስት ለአራት አንድ ነው፣ በሌለበት ምንባቡ በሙሉ ሰሌዳ ላይ ይገለበጣል፤ ግልበጣው ብቻውን አንድ ፔሬድ ይበላል። በማግስቱ ግራመር። የመተኪያ ሠንጠረዥ የሚባል ነገር ነበር፤ በአንድ ዓምድ ባለቤት፣ በሌላው ግስ፣ በሌላው ተሳቢ ተደርድሮ ተማሪው ከየዓምዱ አንዳንድ እየመረጠ አረፍተ ነገር ይሠራል። የሚያሰለች ነው ይባላል። ክፍል ውስጥ ስድሳ ልጅ ለያዘ ሰው ግን ስድሳዎቹም ባንዴ ትክክለኛ እንግሊዝኛ የሚጽፉበት ብቸኛው ጊዜ ያ ነበር፤ እኔ አላንቋሽሸውም። ከዚያ ዲክቴሽን፤ ከዚያ የምንባብ ጥያቄ። የሳምንቱ መጨረሻ የኮምፖዚሽን ነው።

የቤት ሥራው ከዚህ ጋር ይያያዛል። አሥር ቃል ወስደህ ዐረፍተ ነገር ሥራ። ኃላፊ ጊዜውን ወደ ትንቢት ለውጥ። የምንባቡን ጥያቄ በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልስ፣ «የስ» ብሎ ነገር የለም። ሲነገር ቀላል ነው።

ግን የቤት ሥራ «ቤት» ይፈልጋል። መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ያለው በአውራጃው ወይም በወረዳው ከተማ ነው፤ የተማሪው ግማሽ ከገጠር መጥቶ፣ ሦስት አራት ሆኖ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ዓርብ ከሰዓት ወይም ቅዳሜ በማለዳ ወደ ቤተሰቡ በእግሩ ይሄዳል፤ እሑድ በሶውን፣ ቆሎውንና ድርቆሹን አዝሎ ይመለሳል። አንዳንዱ በየመንገዱ አራትና አምስት ሰዓት ይጓዛል። የዓርብ የቤት ሥራ ማለት ለእነዚህ ልጆች ስንቅ ካለማምጣት ጋር እኩል ነበር፤ ወይ ደብተሩ ባዶ ይመጣል፣ ወይ ልጁ ሳምንቱን ተርቦ ይከርማል። ይህን ያወቀ አስተማሪ ሰኞና ማክሰኞ ሰጥቶ ሐሙስ ይሰበስብ ነበር። በትምህርት ሚኒስቴር መርሐ ግብር ላይ ያልተጻፈ፣ በየትምህርት ቤቱ አስተማሪው ከልጆቹ የተማረው የጊዜ ሰሌዳ ነው። የገበያ ቀን ማክሰኞ ወይም ሐሙስ በሆነበት ከተማ ደግሞ ያም ይታሰባል፤ በገበያ ቀን ክፍሉ ይሳሳል።

ሴቶቹ ሌላ ጉዳይ ነበሩ፣ ከሁሉ በፊት ጥቂት ነበሩ። ዘመድ ቤት ተቀምጣ የምትማር ልጅ ውኃ ቀድታ፣ ወጥ ሠርታ፣ ዕቃ አጥባ፣ ኩራዙ የሚደርሳት ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው፤ ያኔም «ጋዝ አትጨርሺ» ትባላለች። ከእነዚህ መካከል ስምንተኛ ክፍልን አልፈው የሄዱት፣ እኔ የማውቃቸው፣ የቤት ሥራቸውን ጠዋት ትምህርት ቤት በር ሳይከፈት አጥሩ ሥር ቁጭ ብለው የሚሠሩት ናቸው።

አጥሩ ሥር ሌላም ነገር ይሠራ ነበር፤ ኩረጃ። አንድ ጎበዝ ልጅ ደብተሩን ይዞ ይመጣል፣ ደወሉ እስኪደወል ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አስተማሪው የሚያውቀው በትክክሉ አይደለም፣ በስሕተቱ ነው። ጎበዙ ልጅ አንዲት ቃል አሳስቶ ከጻፈ ያቺ ስሕተት በሠላሳ ደብተር ላይ በሠላሳ የእጅ ጽሕፈት ትገኛለች፤ የዘር ሐረግ ትመስላለች። የጥንት ብራና የሚያጠኑ የዩኒቨርሲቲያችን ምሁራን የትኛው ቅጂ ከየትኛው እንደ ተገለበጠ የሚለዩት በዚሁ ዘዴ ነው። እኛ ያለ ምንም ሥልጠና እናውቅበት ነበር።

ስለ ስሕተት ከተነሣ፣ እነዚያ ስሕተቶች ተራ አልነበሩም። «አባቴ ገበሬ ናቸው» ብሎ የሚያስብ ጨዋ ልጅ በእንግሊዝኛ «ማይ ፋዘር አር» ብሎ ይጽፋል። አባቱን አንቱ ብሎ ያደገ ልጅ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብቻ እንዴት አንተ ይበለው? ሂ እና ዘይ የሚለውን ሕግ አያውቅም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ዘይ ብሎ ማክበሩ ነው። ፀሐይንና መኪናን «ሺ» የሚል ነበር፤ በአማርኛ ፀሐይዋ ወጣች፣ መኪናዋ መጣች ስለሚል። ከሁሉ የሚገርመው የሰዓቱ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የምትገኘው ልጅ በስድስት ሰዓት ትነሣለች፤ የኛ ልጅ ስለ ራሱ ሲጽፍ «አይ ጌት አፕ አት ትዌልቭ ኦክሎክ» ይላል። እውነቱን ነው፣ ከሌሊቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዶሮ ሲጮኽ ተነሥቷል። አንዳንዱ አስተማሪ በቀይ ይሰርዝበታል። ልጁ እስከ ቀኑ እኩሌታ የተኛ ሰነፍ ሆኖ ተቆጠረ ማለት ነው። ቀኑን መጻፍም ፈተና ነበር፤ የደብተሩ ራስጌ ላይ የፈረንጅ ወር ከኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት ጋር ተጋብቶ «ኦክቶበር 5፣ 1963» የሚል ይወጣል፤ አንድ የታሪክ ተመራማሪ ዛሬ ያን ደብተር ቢያገኝ ሰባት ዓመት ይስታል።

እንዲህ ያለውን ስሕተት በወጉ ለማረም ደግሞ ልጁ ምን እያሰበ እንደ ጻፈ ማወቅ ያስፈልጋል። ሕንዱም አሜሪካዊውም ያላቸውን ያህል ለፍተዋል፤ «ማይ ፋዘር አር» የሚለውን አንብቦ ልጁ ቁጥር አለመሳቱን፣ አክብሮት መጻፉን ባንድ እይታ የሚገነዘብ ግን እዚያው ቋንቋ ውስጥ ያደገ ሰው ነው። የሰርቪስ ልጅ ሥልጠናው ባይኖረውም ይህ ነበረው። ከስድስት ሰባት ዓመት በፊት እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ራሱ የሠራውን ስሕተት ነበር የሚያርመው። ስለ ሰርቪስ መምህራን ብቃት ማነስ ሲወራ ይህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

እርማቱ ራሱ ሥራ ነበር። እንበል አራት ክፍል ያስተምራል፣ በየክፍሉ 55 ልጅ አለ፤ 220 ደብተር ነው። ለአንዱ ኮምፖዚሽን 3 ደቂቃ ቢሰጥ 11 ሰዓት ይፈጃል፣ ያውም በሳምንት አንድ ኮምፖዚሽን ብቻ ከሆነ። በኩራዝ ብርሃን። ስለዚህ መላ ይፈለግ ነበር። ዲክቴሽንን ልጆቹ ደብተር ተለዋውጠው ያርማሉ። የግራመሩን የቤት ሥራ አለቃው ይሰበስብና መሠራቱ ብቻ ታይቶ ይፈረምበታል። ኮምፖዚሽኑ ግን ለማንም አይሰጥም። ያን የሚያነብበው አስተማሪው ብቻ ነበር፤ አንዳንዱ በየሳምንቱ ተራ እያወጣ የአንድ ክፍል ብቻ ይሰበስብና በወር አንድ ጊዜ ሁሉንም ያዳርሳል።

የነገሩ ሌላው ፊት እዚህ ላይ ነው። ኮምፖዚሽን ርእስ ይፈልጋል፤ ርእሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኃላፊ ጊዜን ለመለማመድ ተብሎ «ባለፈው ቅዳሜ ምን አደረግህ?» ነው። ደብተሩ ሲመጣ ስለ ስንቅ ጉዞው ይተርካል። ወንዙ ሞልቶ ማዶ ማደሩን፣ ጅብ መስማቱን፣ እናቱ ታማ ማግኘቱን ይጽፋል። «መንደሬ» በሚል ርእስ ሲጻፍ መሬቱ የማን እንደሆነ ይመጣል። አራሹ ከምርቱ ስንት እንደሚሰጥ፣ ባለ መሬቱ መቼ እንደሚመጣ፣ ሲመጣ ምን እንደሚታረድለት ይተረካል። ልጁ ለእርቦና ለሲሶ እንግሊዝኛ ስለሌለው ቃሉን እንዳለ በላቲን ፊደል ያስቀምጠዋል። ዘጠኝ መስመር የማይሞላ ጽሑፍ ነው፤ ግሱ ሁሉ የተዛባ። የሕግ ተማሪው ግን ስለ መሬት ይዞታ ከተሰጠው የአንድ ሴሚስተር ኮርስ ያላገኘውን እዚያ አገኘ።

ታሪክ ጸሐፊዎቹ እዚህ ላይ ትንሽ የሚዘነጉት ነገር አለ። «መሬት ለአራሹ» ተብሎ ሰልፍ የተወጣው የካቲት 1957 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው የሰርቪስ ቡድን ገና በየጠቅላይ ግዛቱ ሳለ። መፈክሩ ከሰርቪስ አልተወለደም ማለት ነው። ሰርቪስ ያደረገው ለመፈክሩ ሰው መስጠት ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ስድስት ኪሎ የተመለሰ ተማሪ «አራሹ» ሲል ስሙን፣ የልጁን የእጅ ጽሕፈትና ወንዙን ጭምር የሚያውቀው ሰው ነበረው። ይህንንም ያገኘው በስብሰባ አይደለም፤ ማታ ማታ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ሲያርም ነው።

ከልጁ በኩልስ? ስምንተኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ሚኒስትሪ አለ። ሚኒስትሪ ያለፈ ዘጠነኛ ይገባል፣ የወደቀ ወደ እርሻው ወይም ወደ ሱቁ ይመለሳል፤ መካከለኛ መንገድ አልነበረም። ሒሳቡም ሳይንሱም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ፈተናው በሙሉ የእንግሊዝኛ ፈተና ነበር ማለት ይቻላል። የሳምንት የሳምንቱ የቤት ሥራ ትርፉ እዚያ ይታያል። ከየአውራጃውና ከየወረዳው ወደ ስድስት ኪሎ የደረሱት የቀጣዮቹ ዓመታት ተማሪዎች፣ ከመካከላቸው በኋላ የኛው ፋኩልቲ ባልደረቦች የሆኑት ጭምር፣ ስንቶቹ በሰርቪስ አስተማሪ እጅ እንዳለፉ በዚህ ስብሰባ ላይ እጅ አውጡ ቢባል አዳራሹ ይመሰክር ነበር።

ታኅሣሥ 1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ዘመቱ፤ ሰርቪስም በዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፍ። ትምህርት ቤቱ በዛ፣ ተማሪው ከዚያ በላይ በዛ፣ ፈረቃ መጣ። ስንቅ አዝሎ ሩቅ የሚሄደው ልጅ ቁጥር ቀነሰ፤ ይህ ትልቅ ድል ነው፣ መካድ አይገባም። «ኢንግሊሽ ፎር ኒው ኢትዮጵያ» የሚለው መጽሐፍ የፈረንጁን ልጅና በረዶውን አውጥቶ የአገሩን ገበሬና ፋብሪካ አስገባ። ነገር ግን አንድ ክፍል ሰባና ሰማንያ ሲሞላ፣ ፈተናውም ሀ ለ ሐ መ ሲሆን፣ ኮምፖዚሽን ሳይታወጅ ሞተ። ማን ያርመዋል? ማንስ ይጠይቀዋል? የቤት ሥራውም ወደ ባዶ ቦታ ሙላና ወደ ምረጥ ወረደ፤ በአንድ ፔሬድ ሰማንያ ደብተር ይታያል፣ ይፈረማል፣ ይዘጋል።

የሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ግድግዳውን እንደገና አነሣው። የመጀመሪያ ደረጃ እስከ ስምንተኛ ክፍል ሆነ፣ ልጁ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲማር ተፈቀደ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ተደረገ። ክልሎቹ የየራሳቸውን መንገድ ያዙ። አዲስ አበባ ሰባተኛ ክፍል ላይ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር፣ ኦሮሚያና ትግራይ እስከ ስምንተኛ በቋንቋቸው ቀጥለው ግድግዳውን ዘጠነኛ ላይ አገኙት። ለሲዳማው፣ ለወላይታው ልጅ ያ የድሮው ሁለት ወንዝ ቀረለት፤ የእኛ ትውልድ ሊያደርግ ያልፈለገው ወይም ያልቻለው ነገር ነውና ለዚህ ፖሊሲ ያለኝን ትችት ሁሉ ይዤ ይህን እመሰክርለታለሁ። ግድግዳው ግን በሄደበት ሁሉ ከሥሩ ቆሞ የሚያሻግር ሰው ያስፈልገዋል።

የዛሬዎቹ የዩኒቨርሲቲያችን መምህራን አንደኛ ዓመት የገባ ተማሪ አንድ አንቀጽ መጻፍ አቃተው ብለው ሲያማርሩ እሰማለሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገሩ ሁሉ ደንግጦ ስለ 12ኛ ክፍል አወራ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነቱም፣ ኮቪዱም፣ ኩረጃው መቆሙም አለበት፤ በአንድ መስመር አላስርም። ግን በእንግሊዝኛ የቀረበን የፊዚክስ ጥያቄ ማንበብ የሚለመደው 12ኛ ክፍል ላይ አይደለም። የሚለመደው ከአሥራ ሦስት ዓመት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ፣ በየሳምንቱ ዘጠኝ መስመር ጽፎ፣ ያን ዘጠኝ መስመር አንድ ሰው አንብቦለት ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ ፖሊሲ ሰባተኛና ስምንተኛን እንደገና ለብቻ አውጥቶ «መካከለኛ ደረጃ» ብሎ ሰይሟቸዋል፤ በ1956 ያደረግነውን ስድስት፣ ሁለት፣ አራት አከፋፈል መልሶ አምጥቶታል። ስለ አዲሱ መጽሐፍ፣ ስለ ሥርዓተ ትምህርቱ ብዙ ይባላል። 220 ደብተር ማን በ11 ሰዓት እንደሚያርም የሚነሣበት ስብሰባ ላይ እስካሁን አልተቀመጥኩም፤ የትምህርት ኮሌጃችን ባልደረቦች እንዲያነሡት በዚህ አጋጣሚ እጠይቃለሁ። ተማሪዎቻችንን ለአንድ ሴሚስተር እርማት ብቻ ወደ ጎረቤት መካከለኛ ትምህርት ቤቶች መላክ ዲግሪ አያዘገይም፣ ወጪውም የአውቶቡስ ነው።

የእነዚያን ዓመታት ደብተሮች ዛሬ መፈለግ ከባድ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ልጁ ደብተሩን ለባለ ሱቅ በኪሎ ይሸጥ ነበር፤ ባለ ሱቁም ቅጠል በቅጠል እየገነጠለ በርበሬና ስኳር ይጠቀልልበታል። የዲክቴሽን ውጤቱን በቡና ቁርስ መጠቅለያ ላይ ያገኘ ጓደኛ ነበረኝ። ስለዚህ የቀረው በእኛ እጅ ያለው ብቻ ነው፤ የትምህርት ዝግጅት ማስታወሻ፣ የውጤት መመዝገቢያ፣ አንድ ተማሪ በኋላ የጻፈው ደብዳቤ፣ ከክፍሉ ጋር የተነሣችሁት ፎቶግራፍ። በየሳጥኑ ያላችሁ በዚህ ዓመት ስብሰባ ላይ ይዛችሁ ብትመጡ፣ ፎቶ አንሥተን እንመልሳለን። ከጀርባው የትምህርት ቤቱን ስምና ዓመቱን ጻፉበት፤ በኢትዮጵያ ወይም በፈረንጅ መሆኑንም ጭምር።